ለጥቂት የማይገጥሙ ጥርሶች፦ የብስክሌት ብሎን ጥገና ከጁባ እስከ አዲስ አበባ

ሙኑኪ ከጁባ ሦስት የከተማ ፓያሞች አንዱ ነው፤ ፓያም በደቡብ ሱዳን ከካውንቲ በታች ያለ የአስተዳደር እርከን ነው። ጁባ ራሷ የተቆረቆረችው በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.)፣ ሱዳን በስም የእንግሊዝና የግብፅ የጋራ ግዛት ሆና በተግባር ግን በእንግሊዝ ሹማምንት ትገዛ በነበረበት ዘመን በመሆኑ፣ ወደ አካባቢው የገባው ብስክሌት በአመዛኙ የእንግሊዝ ሥሪት ወይም የእንግሊዝን ቅርጽ ተከትሎ ኋላ በህንድና በቻይና የተመረተ ነበር። ከብስክሌቱ ጋር የእንግሊዝ የብሎን ጥርስ ልክም አብሮ ገባ። ጥርስ የሚባለው በብሎን ዙሪያ ወይም በዳዶ ውስጥ እየተጠማዘዘ የሚሄደው ሸንተረር ሲሆን፣ ልኩ የሚታወቀው በውፍረቱ፣ በሸንተረሮቹ መካከል ባለው ርቀት፣ በማዕዘኑና በሚጠብቅበት አቅጣጫ ነው።

ይህን ልክ አንድ ለማድረግ የተደረገው ጥረት ብዙ ዘመን ወስዷል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆሴፍ ዊትዎርዝ በ1841 (እ.ኤ.አ.) ያቀረበው የ55 ዲግሪ ጥርስ ለከባድ ማሽን የተመቸ ቢሆንም ለብስክሌት ስስ ቱቦ ሻካራ ስለነበር፣ የብስክሌት መሐንዲሶች ማኅበር በ1902 (እ.ኤ.አ.) ባለ 60 ዲግሪ ደቃቅ ጥርስ ደነገገ። ሆኖም ድንጋጌው ሁሉንም አላስገደደም። የፔዳል ዘንግ በሚሽከረከርበት ቤት ላይ የተለመደው የእንግሊዝ ልክ በአንድ ኢንች 24 ጥርስ ሲሆን፣ በምሥራቅ አፍሪካ ስሙ የገነነው የኖቲንግሃሙ ብስክሌት አምራች ራሌይ ግን በብዙ ብስክሌቶቹ ላይ የራሱን 26 ጥርስ ይዞ ቀጠለ። የሁለቱ ውፍረት ተቀራራቢ፣ የጥርሶቻቸው ርቀት ልዩነትም ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ የማይሞላ በመሆኑ፣ የአንዱ ክዳን (ዘንጉን በቤቱ ውስጥ የሚይዘው ባለ ጥርስ መዝጊያ) በሌላው ቤት ውስጥ አንድ ሁለት ዙር ያለ ችግር ይገባና ይነክሳል፤ ሠራተኛው በቁልፍ ሲያስገድደው የቤቱ ጥርስ ይበላል። ጥርስ የሚበላው በጠጋኙ ቸልተኝነት ነው የሚለው የተለመደ ወቀሳ እንግዲህ ግማሽ እውነት ነው፤ ፈጽሞ የማይገጥም ዕቃ ወዲያው ይመለሳልና፣ ጉዳቱን ያበዛው ለጥቂት የማይገጥመው ነው። የፈረንሳይ ፔዳልም እንዲሁ ነው፤ ውፍረቱ 14 ሚሊሜትር፣ የእንግሊዙ 14.3 ገደማ በመሆኑ ፈረንሳዩ በእንግሊዙ የፔዳል ክንድ ውስጥ ገብቶ እየላላ ጥርሱን ይበላዋል።

በኢትዮጵያ የወረደው ውርስ ሌላ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው የጣሊያን ወረራ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ጋራዦችንና ቶርኖን (ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን ነው) ሲያበዛ፣ ዳዶ፣ ብሎንና ኩሽኔታ የሚሉት የሙያው ቃላትም ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው። የጣሊያን የዘንግ ቤት 36 ሚሊሜትር ስፋት ሲኖረው ከእንግሊዙ በ1.2 ሚሊሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ስለዚህም ጥርሱ የተበላ የእንግሊዝ ቤት ሰፍቶ በጣሊያን ልክ ዳግም ጥርስ ሊወጣለት ይችላል። ይህ የሁለት መንግሥታት ልክ በአንድ ቱቦ የሚታረቅበት መፍትሔ የራሱ ዋጋ አለው፤ የእንግሊዙ የቀኝ ክዳን ወደ ግራ ሲዞር የሚጠብቅ ሲሆን የጣሊያኑ ሁለቱም ወደ ቀኝ ስለሚጠብቁ፣ የቀኙ ክዳን በመርገጥ ብዛት ይላላል።

አሠራሩ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። ጠጋኙ መጀመሪያ ጤነኛ ብሎን ከተጎዳው ጥርስ ጎን አጋድሞ በብርሃን ፊት በማየት ልኩን ይለያል፤ ከዚያ ጥርስ ማውጫውን ዘይት ቀብቶ ቀጥ አድርጎ ያስገባና ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ዙር ወደ ኋላ እያደረገ ያዞረዋል፤ ወደ ኋላ መመለሱ የተፈለቀቀውን ፍንካች ቆርጦ ስለሚጥል አዲሱ ጥርስ አይታነቅም። ጥርሱ ፈጽሞ ካለቀ ቀዳዳው ይሰፋና ቦኮላ፣ ማለትም ከውስጥም ከውጭም ጥርስ ያለው ቀለበት፣ ይገጠምለታል። የመጨረሻው አማራጭ ፔዳሉን ከክንዱ ጋር መበየድ ሲሆን፣ ይህ ለዕለቱ ያስኬዳል እንጂ ቀጣዩን ጥገና የሚዘጋ ነው።

በጁባ ይህን መሰሉ ብልሃት ከምርጫ ይልቅ ግዴታ የሆነበት ጊዜ ነበር፤ በ1983 (እ.ኤ.አ.) በተቀሰቀሰው የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ከተማዋ በመንግሥት ጦር እጅ እንዳለች ተከባ ለዓመታት ስትኖር፣ አቅርቦቷ በአመዛኙ በአውሮፕላን ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ከ2005 (እ.ኤ.አ.) የሰላም ስምምነት በኋላ የኡጋንዳና የኬንያ ሸቀጥ ሲጎርፍ፣ በሁለቱ አገሮች ድንበር በብስክሌት የተጀመረው ቦዳ ቦዳ (ሰው ጭኖ የሚከፈልበት መጓጓዣ ነው) በሞተር ብስክሌት መልክ ጁባ ገብቶ የሙኑኪንም መንገዶች ሞላ። የሞተሩ ጥርስ የሜትር ልክ ያለው ስለሆነ የ24 እና የ26ቱ ውዝግብ ቀርቷል፤ ችግሩ ግን ከብረት ወደ አሉሚኒየም ተሸጋገረ። የዘይት ማፍሰሻው የብረት ብሎን በለስላሳው አሉሚኒየም ውስጥ ዘይት በተቀየረ ቁጥር እየተፈታና እየጠበቀ ጥርሱን ሲጨርሰው፣ ቀዳዳው ይሰፋና ወይ ወፈር ያለ ብሎን ወይ ቦኮላ ይገባለታል።