የእምኩሉ ጸሐፍትና የእኛ መሰባሰብ

በከተሞቻችን አንድ መልካም ልማድ እየለመደ ነው። በአንድ መጽሐፍ መደብር ውስጥ ወንበሮች በመደርደሪያዎቹ መካከል ይደረደራሉ፤ ሻይ ይቀርባል፤ አንዱ ግጥሙን፣ ሌላዋ አጭር ልቦለዷን ታነባለች፤ የቀረው ሰምቶ አስተያየቱን ይሰጣል። እንዲህ ባለ ስብሰባ የመጀመሪያ ጊዜ የሚገኝ ወጣት ብዙ ጊዜ አንድ ጥያቄ ይዞ ይወጣል፦ «እኔስ ምን ልጻፍ?» በአሰላና በአካባቢዋ ለምንኖር አማኝ ወጣቶች ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይከተላል፦ «አያቴ የነገረችኝ ተረት፣ የሽማግሌዎቹ ምሳሌያዊ አነጋገር፣ የእረኞቹ እንቆቅልሽ ለአንድ ክርስቲያን ጸሐፊ የሚሆን ነገር ነውን? ወይስ መንፈሳዊ ነገር ብቻ ልጻፍ?»

ለዚህ ጥያቄ ታሪክ መልስ አለው። ስለ አገራችን ጸሐፍት መሰባሰብ ሲነገር በ1952 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበር ይነሣል፤ በዚያው ዘመን በዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ቀን ይነበቡ የነበሩት ግጥሞችም ይነሣሉ። ከእነዚያ ግን ሰባ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ጥቂት ወንዶችና ሴቶች በቀይ ባሕር አጠገብ ተሰብስበው ይጽፉ ነበር። የእኛው የእምነት ቤተሰብ ናቸው፤ ቋንቋቸውም የአርሲ ገበሬ ዛሬ የሚናገረው ኦሮምኛ ነው።

በአሰላ «ስዊድን» ሲባል አረጋውያን የሚያስታውሱት እ.ኤ.አ. በ1967 የተጀመረውን የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ «ካዱ»ን ነው። ምርጥ የስንዴ ዘሩን፣ የማዳበሪያ ብድሩን፣ የተዳቀሉትን የወተት ላሞች ያነሣሉ። ከካዱ አንድ መቶ ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1866፣ ሌሎች ስዊድናውያን ምጽዋ ደርሰው ነበር። የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን መልእክተኞች ናቸው። ዓላማቸው ወደ ኦሮሞ ሕዝብ መሄድ ነበር፤ መንገዱ ግን ተዘጋባቸው። ስለዚህ ምጽዋ አጠገብ በምትገኘው በእምኩሉ ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ በኋላም ማተሚያ ቤት አቋቋሙ። እነርሱ ወደ ኦሮሞ አገር መግባት ሲያቅታቸው፣ የኦሮሞ ልጆች ወደ እነርሱ መጡ። የመጡት ግን በፈቃዳቸው አልነበረም። የባሪያ ነጋዴዎች ነበሩ ያመጧቸው።

ከእነዚህ ልጆች አንዱ በኢሉባቦር ሁሩሙ አካባቢ የተወለደው ሂካ ነው። ሂካ ማለት በኦሮምኛ «ፈቺ፣ ተርጓሚ» ማለት ነው። በልጅነቱ ታፍኖ ተወሰደና ስምንት ጊዜ ያህል ከጌታ ወደ ጌታ ተላለፈ። እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ቨርነር ሙንዚንገር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ነፃ አወጣውና ወደ እምኩሉ ትምህርት ቤት ገባ። እ.ኤ.አ. በ1872 ሲጠመቅ ኦኔሲሞስ ተባለ። ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት ውስጥ ያለውን ባሪያ የምታስታውሱ፣ ስሙ እንደ ዋዛ የተሰጠ እንዳልሆነ ትረዳላችሁ። ኦኔሲሞስ በስዊድን ተምሮ ተመለሰ፤ ወደ ወገኖቹ ለመግባት ደጋግሞ ሞከረ፤ አልተሳካለትም። ያን ጊዜ ብዕሩን አነሣ።

የመጀመሪያ ፍሬው እ.ኤ.አ. በ1887 የወጣው አንድ መቶ መዝሙሮች የያዘ የኦሮምኛ የመዝሙር መጽሐፍ ነው። ይሁን እንጂ ኦኔሲሞስ ቶሎ የተረዳው አንድ ችግር ነበረበት። ከአገሩ የወጣው በልጅነቱ ነው፤ የልጅ ቋንቋ ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስን ለመተርጎም አይበቃም። ቃላቱ ሌሎች ዘንድ ነበሩ። ስለዚህ በእምኩሉ አንድ ቡድን ተሰባሰበ፦ አስቴር ጋኖ፣ ሊድያ ዲምቦ፣ ፌቤን ሂርጴ፣ እስጢፋኖስ ቦናያ፣ ናትናኤልና ሮሮ። ከቤታቸው ተነጥለው በባዕድ ባሕር ዳር የተገናኙ ሰዎች ናቸው። ሀብት አልነበራቸውም። ይዘውት የመጡት አንድ ነገር ነበር፤ እርሱም ከእናታቸው አፍ የሰሙት ቋንቋ ነው።

ከሁሉም ይልቅ አስቴር ጋኖን ልብ በሉ። አስቴር ነፃ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1886 ሲሆን፣ ለሽያጭ ወደ ዓረብ ምድር ይወስዳት የነበረውን ጀልባ የጣልያን መርከብ ባሕር ላይ በያዘው ጊዜ ነው። በእምኩሉ ተማረች፤ ለቋንቋዋ ያላት ስጦታም ወዲያው ታወቀ። የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት የማዘጋጀት ሥራ ተሰጣት፤ እ.ኤ.አ. በ1893 የታተመው የኦሮምኛ አዲስ ኪዳን በዚህ መዝገበ ቃላት እየታየ ተስተካከለ። ከዚያም ከትዝታዋ እየቀዳች 500 ያህል እንቆቅልሾችን፣ ተረቶችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና ዘፈኖችን ጻፈች። እ.ኤ.አ. በ1894 የወጣው የጀማሪዎች የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ከዚህ ስብስብ ብዙ ወስዷል።

በእኛ ልማድ እንቆቅልሽ ሲጫወቱ መልሱን ያጣ ሰው አገር ይሰጣል። አስቴር አገሯ ተወስዶባት ነበር፤ ቃሏን ግን ማንም አልወሰደባትም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። እነዚህ ሰዎች የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች ነበሩ። ቅዱስ ቃሉን የሚጽፈው እጅ የአገር ቤቱን ተረትና እንቆቅልሽም ጻፈ፤ ሁለቱም በአንድ ማተሚያ ቤት ታተሙ። ይህ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ስለ በረት፣ ስለ ዘር፣ ስለ ጠፋች በግ የሚናገር መጽሐፍ የሚተረጎመው እረኛውና ገበሬው በሚናገሩበት ቃል ነው፤ ያ ቃል የሚገኘው ደግሞ በተረቱና በምሳሌው ውስጥ ነው። የሕዝቡን ጨዋታ የማያውቅ ተርጓሚ ቃሉን ለሕዝቡ ባዕድ አድርጎ ያቀርበዋል። የሰማነውን ሁሉ ሳንመረምር እንቀበል ማለቴ አይደለም፤ አማኝ ሁሉን ይፈትናል። ነገር ግን ሳይሰሙ መናቅና መርምሮ መለየት አንድ አይደሉም።

ኦሮምኛው መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ እ.ኤ.አ. በ1899 በስዊዘርላንድ፣ በቅዱስ ክሪሾና ታተመ። የተጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1904 ኦኔሲሞስና አስቴር ወደ ወለጋ መግባት ቻሉ፤ በነቀምት ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ አስቴርም አስተማሪ ሆነች። መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። ኦኔሲሞስ ተከሰሰ፤ ለዓመታትም እንዳይሰብክ ተከለከለ። እ.ኤ.አ. በ1931 እስኪያርፍ ድረስ ግን ሥራውን አልተወም። ከእነርሱ ታሪክ የሚያሳዝነው ሌላ ነው፤ አስቴርና ኦኔሲሞስ ከሰበሰቡት ቃል ብዙው ሳይታተም ቀርቷል። የኦኔሲሞስን ስም የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ የአስቴርን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው፤ የሊድያንና የፌቤንን ደግሞ እጅግ ጥቂት።

ወደ አርሲ ደጋ ስንመለስ፣ ከጭላሎ ግርጌ ጀምሮ በገብሱና በስንዴው ማሳ መካከል ያለው ሕዝብ በቃል ባለጸጋ ነው። ገረርሳው አለ፤ ማማክሳው አለ፤ ልጆች በምሽት የሚጠያየቁት ሂቦ አለ፤ ሲንቄ ይዘው የሚወጡ እናቶች ዜማ አለ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ ወላጆቻችንን ከፊደል ጋር አገናኝቷል። እኛ ደግሞ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እንጽፋለን፤ በእጃችን ድምፅ የሚቀዳ ስልክ አለ። የእምኩሉ ሰዎች ይህ ሁሉ አልነበራቸውም። የነበራቸው ተቀምጦ የመስማት ትዕግሥት ነው። እኛ የጎደለን እርሱ ይመስለኛል። አንድ አዛውንት ባረፉ ቁጥር ማንም ያልጻፈው ብዙ ቃል አብሮ ይቀበራል።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ በመጽሐፍ መደብርም ሆነ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ለንባብ ስትሰበሰቡ ከግጥማችሁ ጋር አንድ ሌላ ወረቀት ይዛችሁ ኑ። በወረቀቱ ላይ ከአያታችሁ፣ ወይም የሌላ እምነት ተከታይም ቢሆኑ ከጎረቤት ሽማግሌ የሰማችሁት አንድ ተረት ወይም አንድ እንቆቅልሽ ይኑር፤ በተነገረበት ቋንቋ፣ ቃሉ ሳይለወጥ። ያልገባችሁ ቃል ካለ ከማሳመር ይልቅ ጠይቁ። በመጨረሻም የነገሯችሁ ሰው ፈቃድ ከሰጡ፣ ስማቸውንና የትውልድ ቀበሌያቸውን ከራሳችሁ ስም በላይ ጻፉ። ሰብሳቢውም ወረቀቶቹን በአንድ ማኅደር ያስቀምጥ። ዓመቱ ሲያልቅ በማኅደሩ ውስጥ አንድ ትንሽ መጽሐፍ የሚያህል ነገር ይኖራል፤ እርሱንም በመደብሩ መደርደሪያ ላይ ለማየት ማተሚያ ቤት መፈለግ ብቻ ይቀራል።