ከጥቁርና ነጭ ወደ ሰፊው ቀለም

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የቀለም ጣጣ አልነበረበትም፤ ሥርጭቱ ጥቁርና ነጭ ነበር። የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በ1977 ዓ.ም. ሲከበር ግን ቀለም ገባ።

የቀለም መስፈርቱም አብሮ አደገ። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ሬክ 709 የኤችዲ (ከፍተኛ ጥራት) ቴሌቪዥንን ቀለም ወሰነ፤ በ2012 የመጣው ሬክ 2020 የቀለሙን ክልል እጅግ አሰፋው።

ዛሬ ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው ሁለት ሰፊ ቀለም ያላቸው ሞኒተሮች ጎን ለጎን ቢያስቀምጥ የአንዱ ነጭ ወደ ቢጫ፣ የሌላው ወደ ሰማያዊ ሊያደላ ይችላል። መፍትሔው ሞኒተሮቹን ግማሽ ሰዓት ማሞቅ፣ የቀለም መለኪያውን ስክሪኑ ላይ ማስጠጋት፣ ነጩን 6500 ኬልቪን፣ ብርሃኑን 100 ኒት፣ ጋማውን 2.4 ላይ ማድረስ ነው።

ቁጥሩ ገጥሞም ዓይን ልዩነት ሊያይ ይችላል፤ የጀርባ መብራታቸው ዓይነት ይለያያልና። ያኔ ቀለም የሚታረመው በአንዱ ብቻ ነው።