እግሩ የሚናገር ፊደል

የእኛ አሽዶድ ሰፈሮቿን በፊደል የምትጠራ ከተማ ናት። ሮቫ አሌፍ፣ ሮቫ ቤት፣ ሮቫ ጊሜል እያልን ነው ሰፈራችንን የምንናገረው። እስቲ ዛሬ ስለ ፊደል እንጫወት፤ በተለይ ግድግዳ ላይ ስለሚለጠፈው ወፍራም ፊደል።

በልጅነታችን እንደመጣን፣ ወላጆቻችን ዕብራይስጥ ማንበብ አይችሉም ነበር። ግን ዙሪያው ጥቁር የሆነ፣ በወፍራም ፊደል የታተመ ወረቀት ግድግዳ ላይ ሲያዩ «ሰው ሞቷል» ይላሉ። ንባቡን ሳይማሩ የፊደሉን ጠባይ አውቀውታል ማለት ነው።

ይሄ ፊደል የመጽሐፍ ሳይሆን የገበያ ልጅ ነው። በ1810ዎቹ ለንደን ውስጥ ቪንሰንት ፊጊንስ የሚባል የማተሚያ ፊደል ሠሪ፣ ከላይ እስከ ታች የወፈረ፣ ራሱና እግሩ እንደ ጡብ አራት ማዕዘን የሆነ ፊደል አወጣ። ኋላ «ግብፃዊ» የሚል ስም ወጣለት፤ ከግብፅ ጽሕፈት ጋር ግን ዝምድና የለውም። ሥራው መንገደኛን ከሩቅ መጥራት ነው። ዕብራይስጥም በ1920ዎቹ መጨረሻ «ሃይም» የተባለውን ወፍራም ፊደል አገኘ፤ ዋርሶ ላይ ያን ለዊት የሠራው ነው። እሱ እንኳ የጡብ እግር የለውም፤ ሥራው ግን ያው ነው፣ ለርዕስና ለማስታወቂያ።

ግዕዝ በማተሚያ የወጣው ከዚያ ሁሉ በፊት፣ በ1513 ሮም ላይ ነው፤ ዮሐንስ ፖትከን መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ። የቄሶቻችን ኦሪት ግን በብራና ላይ በመቃ ብዕር የተጻፈ ነው።

ታዲያ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። በላቲን ፊደል እግር ጌጥ ነው፤ ቢቆረጥም ንባቡ አይለወጥም። በእኛ ፊደል ግን እግር ይናገራል። «በ» ከእግሩ ወደ ቀኝ ሰረዝ ሲጨመርለት «ቢ» ይሆናል፤ ቀለበት ሲጨመርለት ደግሞ «ቤ»። ለሁሉም ፊደል የጡብ እግር ብናለብስ «በ» እና «ቢ» ይምታታሉ። ፊደሉ ከመጠን በላይ ሲወፍር ደግሞ ቀለበቷ በቀለም ትሞላና «ቤ» «ቢ» ይመስላል። «ቤተ እስራኤል» የሚለው ስማችን እንኳ በዚህች ትንሽ ቀለበት ነው የቆመው!

እኛ ማኅበራዊ ሠራተኞች ይህን የተማርነው በራሳችን ስህተት ነው። አንድ ጊዜ ለአረጋውያን ስብሰባ ማስታወቂያ አዘጋጀን። ርዕሱን በጣም አወፈርነው፤ ቀኑንና ሰዓቱን ግን ከታች በቀጭን ፊደል ጻፍነው። ብዙዎቹ በሌላ ቀን መጡ፣ በሩ ተዘግቶ ጠበቃቸው። አንዲት እናት «ልጆቼ፣ ትልቁን አይተን መጣን፤ ትንሹን በየትኛው ዓይናችን እንየው?» አሉን። አፈርን። ወፍራሙ ፊደል ጠርቷቸው ነበር፤ እኛ ግን መቼ እንደሚመጡ አልነገርናቸውም።

ከዚያ ወዲህ ቀኑንም ሰዓቱንም እናወፍራለን፤ ቀለበቶቹ ክፍት መሆናቸውን እናያለን። ከመለጠፋችን በፊት ደግሞ ለአንድ ሽማግሌ ራቅ አድርገን እናሳያለን። እሳቸው ካላነበቡት አንለጥፈውም።

እናንተስ ለልቅሶም ሆነ ለሠርግ ማስታወቂያ ስታሠሩ እንዲህ ታደርጋላችሁ? ጻፉልን። ሰላም ሁኑ።