ማኅደር

ማኅደር፣ የብራና መጽሐፍ ተጠርዞና ተደጕሶ ካለቀ በኋላ ከዝናም፣ ከአቧራ፣ ከአይጥና ከመንገድ ግጭት እንዲጠበቅ በልኩ ተሰፍቶ የሚገባበት፣ ክዳንና ማንገቻ ያለው የቆዳ መያዣ ነው። በዘመናችን ለኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ የሚሠራው መሸፈኛም በግብሩ ከዚሁ ወገን ስለሆነ፣ የቀደሙት ሰዎች ማኅደር ሲያሰፉ ይመለከቱት የነበረው ነገር ለአዲሱም ዕቃ ይሠራል።

በደቡብ ወሎ፣ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪ.ሜ. ያህል ርቆ፣ 23 ካሬ ኪ.ሜ. ገደማ በሚሰፋው ሐይቅ ላይ፣ ጥንት ደሴት በነበረውና ዛሬ ባሕረ ገብ መሬት በሆነው ስፍራ የተተከለው የደብረ ሐይቅ ቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም፣ ከ1240 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በአበምኔትነት ሲመሩት የትምህርትና የጽሕፈት ማዕከል ሆኖ፣ እነ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ያስተማረ ነው። በ1273 ዓ.ም. የተጻፈውና የአበምኔቱ ሥዕል የሚገኝበት ወንጌል የዚያ ዘመን ምስክር ነው። እንዲህ ያለው ታላቅ ወንጌል ግን ከመቅደስ የማይርቅ ስለሆነ በመጎናጸፊያ ተጠቅልሎ ቢቀመጥ ይበቃዋል፤ ማኅደር የሚያስፈልገው ከሁሉ በፊት ከባለቤቱ ጋር ለሚጓዘው ለዳዊት ነው። መስከረም 21 ቀን ለሚውለው በዓል የአምባሰልን ዐቀበት ወጥቶ ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ የሚሄድ ካህን፣ ዳዊቱን በትከሻው አንግቶ፣ እጁን ለመቋሚያው ነጻ ያደርጋል።

የመጽሐፉ ገበታ ከወይራ ወይም ከዋንዛ ተጠርቦ፣ በደንብ በለፋ ቀይ ቆዳ ተለብጦ፣ በጋለ ብረት መስቀልና ሐረግ ይደጐስበታል። ማኅደሩ ግን ጌጥ ሳይሆን ጽናት የሚፈለግበት ስለሆነ ከወፍራም ቆዳ ተቆርጦ በጠፍር ይሰፋል፤ ማንገቻውም በክዳኑ ጎንና ጎን ሾልኮ ስለሚያልፍ፣ ክዳኑ ወደ ላይ ተስቦ ይከፈታል እንጂ ከማኅደሩ ተለይቶ አይጠፋም። ይህች ትንሽ ብልሃት ከብዙ የዘመኑ ቦርሳዎች ትበልጣለች።

ከሁሉ የሚቀድመው ልክ ነው። ማኅደሩ ሰፊ ከሆነ መጽሐፉ በእያንዳንዱ እርምጃ ወዲያና ወዲህ እየተንገዋለለ የገበታው ማዕዘን ልባሱን ይልጣል፤ ጠባብ ከሆነም አንባቢው በጀርባው ይዞ ሲጐትተው የጥራዙ ስፌት ይላላል። በዚህ ምክንያት ለአንዱ ዳዊት የተሰፋ ማኅደር ለሌላው አይዋስም። ከጉዞ መልስ መጽሐፉ ከነማኅደሩ በግድግዳ ኩላብ ላይ ይሰቀላል፤ እንግሊዛዊው ሮበርት ከርዘን በ1837 እ.ኤ.አ. በግብፅ ገዳመ አስቄጥስ፣ በሶርያውያን ገዳም ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት መጻሕፍታቸውን እንደዚሁ ሰቅለው አይቶ በጉዞ መጽሐፉ ጽፏል። በሐረር የተጠረዙ ቁርኣኖች በበኩላቸው፣ ገጾቹን ለመጠበቅ፣ ከኋላው ልባስ ተዘርግቶ በገጾቹ አፍ ላይ የሚታጠፍ የቆዳ ምላስ አላቸው።

አማዞን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኪንድል የተባለውን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ በኅዳር 2000 ዓ.ም. ለገበያ ካቀረበ ወዲህ የተለመደው ይህ ዓይነት ዕቃ፣ ክብደቱ 200 ግራም ገደማ ቢሆንም፣ አንድ ድካም አለበት፤ የኤሌክትሮኒክ ቀለሙ በአብዛኛው በስስ መስታወት ላይ የተነጠፈ ስለሆነ፣ መውደቅ ብቻ ሳይሆን በሻንጣ ውስጥ የሚደርስበት ጭነትም ይሰነጥቀዋል፤ ያን ጊዜ ከፊሉ ገጽ አዲስ ጽሑፍ ሲቀበል ከፊሉ የቀድሞውን ምስል እንደያዘ ደርቆ ይቀራል። ስለዚህ ጀርባውን ብቻ የሚያለብሰው ለስላሳ ጎማ ለቤት ቢሆን እንጂ ለመንገደኛ አይመከርም፤ ከደሴ ወደ ውጫሌ በአውቶቡስ የሚመላለስ ሰው የሚያሻው፣ በገጹ ፊት የማይታጠፍ ጠንካራ ክዳን ያለው ነው። አንዳንዱ ክዳን በውስጡ የተቀበረች ማግኔት አለችውና ሲከደን ማንበቢያውን ታስተኛለች፣ ሲከፈት ታነቃለች። ነገር ግን የአንድ ፋብሪካ ዕቃ እንኳ ዓመተ ምርቱ ሲለወጥ ስፋቱ፣ የቁልፉና የኃይል መሙያው ቀዳዳ ቦታ ስለሚለወጥ፣ ገዢ ስሙን ብቻ ሳይሆን ሞዴሉን አስተያይቶ መግዛት ይገባዋል።

ቆዳ የመረጠ ሰው የሐይቅን ዳርቻ የክረምት እርጥበት ማሰብ አለበት፤ የሻገተ ቆዳ በደረቅ ጨርቅ ተጠርጎ በጥላ ይናፈሳል እንጂ ለፀሐይ አይሰጥም፤ በፀሐይ የደረቀ ቆዳ በመታጠፊያው በኩል ይሰነጠቃልና።