መለኮትን በፍጥረት ስለ መፈለግ፤ የሕንድ ሊቃውንትና የጉሙዝ ሕዝብ

በጥንታዊው የሕንዶች መጽሐፍ በቻንዶግያ ኡፓኒሻድ፥ ኡዳላካ ልጁን ሽቬታኬቱን የዋርካ መሰል ዛፍ ፍሬ አስመጥቶ እንዲሰነጥቀው፥ ዘሩንም ደግሞ እንዲሰነጥቅ ያዝዘዋል። ልጁ ምንም አይታየኝም ባለ ጊዜ፥ ታላቁ ዛፍ የበቀለው ከዚሁ ከማይታየው ረቂቅ ነገር እንደ ኾነ አባቱ ያስረዳዋል።

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በሚገኙት ጉሙዞች ነባር እምነት ደግሞ መናፍስት በቤት፥ በጎተራ፥ በእርሻ፥ በዛፍና በተራራ ያድራሉ። እንግዲህ የሕንዱ ሊቅ ከፍጥረት በስተኋላ ያለውን አንዱን ሲሻ፥ ማናቸውም ፍሬ ይበቃዋል፤ ለጉሙዙ ግን መንፈሱ ያለው በዚያው ዛፍና በዚያው ተራራ ነው።

ስለዚህ ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ በመተከል ለሠፈራ ደን በተመነጠረ ጊዜ የጠፋው የእርሻና የአደን ስፍራ ብቻ አይደለም፤ የእምነቱም ማደሪያ ጭምር ነው። የዚህን ሕዝብ ሃይማኖት የሚመረምር ሰው ከሽማግሌዎቹ ቃል ጋራ ዛፎቹንም በየስማቸው ሊመዘግብ ይገባዋል።