ከቃሬዛ እስከ ብስክሌት፦ የመንገድ ደኅንነት ታሪክ በምሥራቅ ደቡብ ጎንደርና በባሕር ዳር

በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ሲያመሩ፣ ሠራዊታቸው ይዞት የሄደው ከባዱ ሸክም ጋፋት ላይ የተሠራው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ነበር። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ይህን ብረት በቅሎ አይጭነውም፤ ትከሻም አይችለውም። በሰረገላ ላይ ተጭኖ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በገመድ እየጎተቱት የጋይንትን ደጋ አቋርጦ፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል ወርዶና ወጥቶ መቅደላ የደረሰው ከአምስት ወር በላይ ከፈጀ ጉዞ በኋላ ነው። መንኮራኩር እንዲያልፍ መንገድ ያስፈልጋል፤ መንገድ ግን አልነበረም። ስለዚህ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ፣ ሠራዊቱም ቋጥኝ እየፈለጠ ከመድፉ ፊት ፊት መንገዱን ሠሩት። በዚያን ጊዜ መቅደላ ታስሮ የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ከተፈታ በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ጉዞ አንሥቶታል።

መድፉ አለፈ፤ መንኮራኩር ግን ለጋይንት ሰው የዕለት መገልገያ ሳይሆን ቀረ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሕዝብ ወደ ገበያ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ ሐኪም ቤት የሚሄደው በእግሩ ነበር፤ የደላው በበቅሎ ይሄዳል። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በክምር ድንጋይ፣ በጎብጎብና በነፋስ መውጫ አልፎ ወደ ወልዲያ የሚዘልቀው፣ ሕዝቡ እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» የሚለው ጎዳና የተሠራው ከ1960ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ በደርግ ዘመን ነው። መኪና የመጣው በዚህ መንገድ ነው። ብስክሌት ግን ተከትሎት አልገባም፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። የጉና ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ ነፋስ መውጫ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ከስማዳና ከታች ጋይንት ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ የሚወርደው ቆላ ደግሞ ለእግረኛም ፈተና ነው። ማርሽ የሌለው ብስክሌት እንዲህ ባለ አገር ሽቅብ ሲሄድ ሸክም፣ ቁልቁል ሲወርድ አደጋ ነው።

ይሁንና ሰው ይታመማል፤ ምጥም ሰዓት አይመርጥም። መንኮራኩር በሌለበት አገር ሕዝቡ ለዚህ ችግር ያበጀው መልስ ቃሬዛ ነው። የቃሬዛ ነገር በሕክምና ጽሑፎች ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የኋላ ቀርነት ምልክት ተደርጎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። እንዲህ መታለፉ ስሕተት ነው። ሁለት ረጃጅም እንጨት፣ በመካከሉ የተጠላለፈ ጠፍር ወይም ገመድ፣ ከላዩም ቁርበት ወይም ጋቢ፤ ዕቃው ይኸው ነው። ዋናው ነገር ግን ዕቃው አይደለም፤ ዙሪያውን ያለው ሥርዓት ነው። በአማራ ክልል ብዙ ገጠሮች ጥሪ ሲሰማ ከየቤቱ ጉልበት ያለው ሰው ይወጣል። አራቱ ሲሸከሙ ሌሎቹ በጎን ይሄዳሉ፤ የደከመው ሳይጠየቅ ይለወጣል፤ ቁልቁለት ላይ የፊተኞቹ ይቀድማሉ፣ የኋለኞቹ ዝቅ ያደርጋሉ፤ የበሽተኛው ራስ ወደየት መሆን እንዳለበት የሚያዝ ሽማግሌም አይጠፋም። ያለ በቂ ምክንያት የቀረ እንደ ዕድር ይቀጣል። ማንም ሰው እነዚህን ደንቦች በትምህርት ቤት አልተማራቸውም፤ ወጣቱ ከአባቱ ጎን እየሄደ ያወቃቸው ናቸው። የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ እናቶች በጤና ተቋም እንዲወልዱ በተደረገው ጥረት ይህ አሮጌ ሥርዓት እንደገና ተፈልጎ «ባህላዊ አምቡላንስ» የሚል ስም ተሰጥቶታል።

የብስክሌት ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ደጋ ርቆ ነው። ሁለት ጎማ ወደ አገሩ በስፋት የገባው በጣሊያኖች እጅ መሆኑን የጥገና ቤት ቋንቋው ራሱ ይመሰክራል፦ ቸርኬ፣ ካቴና፣ ፍሬን፣ ጎሚስታ። አሥመራ የብስክሌት ከተማ ሆነች፤ ውድድሩም ሥር ሰደደ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት እ.ኤ.አ. በ1956ቱ የሜልቦርን ኦሊምፒክ ከሯጮቹ ጎን ገረመው ደንቦባን የመሳሰሉ ብስክሌተኞች ተሰልፈዋል። ስፖርቱ ከጊዜ በኋላ በትግራይ ሲጠነክር፣ ብስክሌት የዕለት እንጀራ መጓጓዣ የሆነው ግን ባሕር ዳር ላይ ነው።

ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከጣና ዳር፣ ሜዳ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1961 ተቋቋመ፤ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ እ.ኤ.አ. በ1963 ተከፈተ፤ በዚያው ዐሥር ዓመት ውስጥ ጀርመናዊው የከተማ ፕላን ባለሙያ ማክስ ጉተር ሰፋፊ ጎዳናዎች ያሉት ፕላን አዘጋጀላት። ሜዳ፣ ሰፊ መንገድ፣ በአንድ ሰዓት ገብቶ በአንድ ሰዓት የሚወጣ ሠራተኛና ተማሪ በአንድነት ሲገኙ ብስክሌትን የሚያስተዋውቅ ሌላ ሰባኪ አላስፈለገም። የፋብሪካው ሠራተኛ፣ አስተማሪው፣ ነጋዴው፣ በሌሎች ከተሞች ያልተለመደ ቢሆንም ሴት ተማሪዋም በብስክሌት ይሄዱ ነበር። ከጋይንትና ከእስቴ ለትምህርት ወይም ለሥራ የወረደ ወጣት ብስክሌት የሚማረው እዚያ ነው፤ በኪራይ ብስክሌት፣ ጓደኛው ከኋላ ይዞለት፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ወድቆ።

የደኅንነት ትምህርቱም ከዚህ የተለየ አልነበረም። የራስ ቁር አልነበረም፤ የተቀባ የብስክሌት መሥመርም አልነበረም። ብስክሌተኛው ብዙ ስለነበረ ግን አሽከርካሪው ይጠብቀዋል፤ እግረኛውም ደወሉን ያውቃል። ፒተር ጃኮብሰን የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመው ጥናት በካሊፎርኒያ፣ በዴንማርክና በሌሎች የአውሮፓ አገሮች መረጃ ላይ ተመሥርቶ ያሳየው ይህንኑ ነው፦ በእግርና በብስክሌት የሚሄደው ሰው ሲበዛ ለእያንዳንዱ ሰው የሚደርሰው የመገጨት አደጋ ይቀንሳል።

ያም ዘመን ግን ጉዳት ያልነበረበት ዘመን ተደርጎ መታሰብ የለበትም። በየትኛውም የብስክሌት ከተማ የሚሠራ የጤና ባለሙያ ሁለት ዓይነት ሕፃናትን ያውቃል። የመጀመሪያው ከኋላ መጫኛው ላይ ተቀምጦ እግሩ በቸርኬው ሽቦዎች መካከል የገባበት ልጅ ነው። ተረከዙና ቁርጭምጭሚቱ ላይ የሚታየው ቁስል በመጀመሪያው ቀን ቀላል ጭረት ይመስላል፤ ቆዳው ግን ተጨፍልቋልና ከጥቂት ቀናት በኋላ ሊጠቁርና ሊሞት ይችላል። እንዲህ ያለ ልጅ ታጥቦና ታሽጎ ብቻ መሸኘት የለበትም፤ ስብራት መኖሩ መታየት፣ በሁለት ቀን ውስጥም ተመልሶ መመርመር አለበት። ሁለተኛው ሲወድቅ የመሪው ጫፍ ሆዱን የወጋው ልጅ ነው። ከውጭ ክብ ሰንበር ብቻ ይታይ ይሆናል፤ ከውስጥ ጉበት፣ ጣፊያ፣ ቆሽት ወይም አንጀት ሊጎዳ ይችላል፤ ምልክቱም ከሰዓታት እስከ ቀናት ሊዘገይ ይችላል። እነዚህ ሁለቱ ልጆች የሚጎዱት መኪና ሳይነካቸው ነው፤ ስለዚህም ከፖሊስ መዝገብ አይገኙም።

የባሕር ዳር ብስክሌት የቀነሰው ማንም ሳይከለክለው ነው። በ1990ዎቹ ከህንድ የመጣው ባጃጅ በጥቂት ሳንቲም ከበር እስከ በር ማድረስ ሲጀምር፣ ከተማይቱም ስትሰፋ፣ ብስክሌተኛው አንድ በአንድ ወረደ። ዩኔስኮ ባሕር ዳርን እ.ኤ.አ. በ2002 በከተሞች የሰላም ሽልማት ሲያከብራት ለውጡ በደጅ ነበር። የቀሩት ብስክሌተኞች ቁጥራቸው ሲያንስ የቀድሞው ጥበቃ አብሮ ሳሳ፤ የፈራ ወላጅ ልጁን ከለከለ፤ ልጁም ሳይማር አደገ። ከጤና አንጻር ኪሳራው ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመው የኮፐንሃገን ጥናት ወደ ሥራ በብስክሌት የማይሄዱት ሰዎች የሞት መጠን በብስክሌት ከሚሄዱት በ39 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። የደም ግፊትና የስኳር ሕሙማን በተመላላሽ ክፍሎች በበዙበት በዚህ ዘመን ይህን ቁጥር ለሚያነብ ሐኪም የባሕር ዳር ታሪክ የመጓጓዣ ታሪክ ብቻ አይሆንበትም።

ለብስክሌት መከራከር በሌላው ዓለም የጀመረው ከሐዘን ነው። በኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. በ1971 በመንገድ አደጋ ከ3,000 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህም ከ400 የሚበልጡት ሕፃናት ነበሩ። ልጁን በአደጋ ያጣ አንድ ጋዜጠኛ የጻፈው ጽሑፍ «የሕፃናት ግድያ ይቁም» የተሰኘውን የወላጆች ንቅናቄ ቀሰቀሰ፤ የብስክሌተኞች ማኅበሩም እ.ኤ.አ. በ1975 ተመሠረተ። ዛሬ የሚደነቀው የዚያ አገር የብስክሌት መንገድ መሐንዲስ በቢሮው ተቀምጦ ብቻ የወለደው አይደለም።

በኢትዮጵያ ነገሩ የተጀመረው ከላይ ነው። ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ዋና ዋና ጎዳናዎች ለመኪና ተዘግተው «መንገድ ለሰው» ሲጀመር የጤና ሚኒስቴር ከቀስቃሾቹ አንዱ ነበር፤ በጎዳናው ላይም የደም ግፊትና የስኳር ምርመራ ተሰጥቷል። በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ አገር አቀፍ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ይፋ ሆነ። በግንቦት 2016 ዓ.ም. በባሕር ዳር የተመረቀው፣ 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ የብስክሌት መሥመር አለው፤ በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማትም እንዲሁ። እነዚህ ሁሉ መልካም ናቸው፤ ያስፈልጉም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት በኢትዮጵያ በ100,000 ሰው 26.7 ሰው በመንገድ አደጋ እንደሚሞት ገምቷል፤ በዚያ ሪፖርት የዓለም አማካይ 18.2 ነበር። ነገር ግን መሥመር ተቀብቶ ብስክሌተኛ ካልመጣበት የመኪና ማቆሚያ ይሆናል። የሚጎድለው የቃሬዛው ማኅበር ያለው ነገር ነው፦ የእኔ ነው የሚል፣ ደንብ የሚያወጣ፣ የቀረውን የሚጠይቅ ሰው።

ስለ ራስ ቁርም አንድ ነገር ማለት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የብዙ ጥናቶች ትንተና የራስ ቁር ከባድ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህ ለምክር በቂ ማስረጃ ነው። ብስክሌቱን ራሱን በችግር ለሚገዛ ተማሪ ግን የራስ ቁር የሌለው አይንዳ የሚል ግዴታ ከብስክሌቱ ያወርደዋል እንጂ አያድነውም። ለእርሱ ከሁሉ የሚቀድመው የሚይዝ ፍሬን ነው።

ፍሬን ሲነሣ ነገሩ ወደ ምሥራቅ ደቡብ ጎንደር ይመለሳል። የቻይናው መንገድ ዛሬ አስፋልት ነው፤ አስፋልት ደግሞ በየትንንሽ ከተማው ያለውን ወጣት ወደ ሁለት ጎማ ይጋብዛል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል፤ በዝናብ የረጠበ የብረት ቸርኬ ደግሞ ፍሬኑን ጨርሶ ሊያከዳ ይችላል። የጉናን ጭጋግና ክረምት ለሚያውቅ ሰው ሌላ ማብራሪያ አያሻውም። በባሕር ዳር ሜዳ ላይ በመውደቅ የሚገኘው ትምህርት በዚህ ቁልቁለት ላይ አይሠራም፤ ቀድሞ መነገር አለበት።

ከውጭ የሚመጣ መፍትሔም ሳይጠየቅ አይወሰድም። በማላዊ ገጠር የብስክሌት አምቡላንስ በተሞከረበት ጊዜ ምጥ የያዛት ሴት በእርሱ መሄድን አልወደደችውም፤ ወሊድ በምስጢር የሚያዝ ነገር ሆኖ ሳለ ጋሪው ለመንደሩ ሁሉ ያሳውቅባት ነበርና። የጋይንት ቁልቁለት እንዲህ ያለውን ጋሪ ይቀበል አይቀበል ሸካሚዎቹ ከማንም ይልቅ ያውቃሉ፤ የትኛው መታጠፊያ ላይ ሰው እንደሚያዳልጠው፣ የትኛው ድልድይ በክረምት እንደሚሞላ የሚናገሩትም እነርሱ ናቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የመጀመሪያ ደረጃ እርዳታን ለዕድሩ ስታስተምር ከእነዚህ ሰዎች ጋር በአንድ ቦታ ትቀመጣለች፤ የትምህርት ቤቱ የቀይ መስቀል ክበብም ቅርብ ነው።

ጤና ጣቢያው ማበርከት የሚችለው ሌላው ነገር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በካርድ ላይ «የትራፊክ አደጋ» ወይም «ወድቆ» ተብሎ የሚታለፈው ጉዳት ውስጥ ብስክሌት የነዳው፣ ከኋላ የተጫነውና በብስክሌት የተገጨው ይለይ፤ ቦታውና ሰዓቱ ይጻፍ። እንዲህ የተጻፈ የአንድ ዓመት መዝገብ በወረዳው ምክር ቤትም፣ በቀበሌው ዕድርም ፊት ሊነበብ ይችላል።