የተማሪ ስንቅ

ስለ አገራችን ትምህርት ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚመረምሩት ማን አስተማረ፥ ምን አስተማረ፥ መቼስ ተጀመረ የሚለውን ነው። እኛ ግን ዛሬ ዝቅ ያለ የሚመስለውን ጥያቄ እናነሣለን፤ ይኸውም ተማሪውን ማን አበላው የሚለው ነው። የድኻ ልጅና የባለጸጋ ልጅ በትምህርት የሚለያዩበትን ምክንያት በተፈጥሮ ብልኅነት ወይም በአባት ዘር ውስጥ ሲፈልጉ የሚኖሩ አሉ። ዳሩ ግን የየዘመኑን ተማሪ ቤት አሠራር ቀርበን ብንመለከት፥ የሚዘልቀውን ከሚቀረው የሚለየው አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ ሥርዐት ራሱ ሆኖ እናገኘዋለን።

አስቀድመን የቆሎ ተማሪውን ቤት እንይ። ንባብ በመንደር የኔታ ዘንድ ይፈጸማል፤ ፊደል፥ አቡጊዳ፥ መልእክተ ዮሐንስ፥ ወንጌል፥ ከዚያም ዳዊት። ዳዊት የደገመ ልጅ ዜማ ወይም ቅኔ የሻ እንደ ሆነ አገር አቋርጦ ወደ ስመ ጥር መምህር ይሄዳል። ብዙውም የሚሄደው ከአባቱ ተደብቆ ነው፤ ባላገር ከብት ጠባቂውን በፈቃዱ አይሰድምና። መምህሩ ስለ ትምህርቱ ዋጋ አይጠይቅም። ተማሪው ጎጆውን ራሱ ይቀልሳል፤ እንጀራውንም ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ አንግቶ፥ ለውሻ መከላከያ በትር ይዞ፥ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከየደጁ ይለምናል። ልመናውም ነውር አልነበረም፤ ከቤቱ ስንቅ የሚላክለት እንኳ ቢሆን ስለ ትሕትና ብሎ ይለምን ነበር። እንግዲህ ተማሪውን ያበላው አባቱም መንግሥትም ሳይሆን የማያውቀው መንደር ነው።

ለትምህርቱም የተቈረጠ ዓመት አልነበረውም። ጉባኤ ቃና የሆነለት ወደ ዘአምላኪየ ያልፋል፤ ያልሆነለት እስኪሆንለት ይቈያል፤ የቀደመውም የኋለኛውን ያስቀጽላል። በሽታ ስድስት ወር የጣለው ልጅ በተነሣ ጊዜ ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ «ወደቀ» ተብሎ አይሰናበትም።

ይህን ስንል ያን ቤት ያለ ነቀፋ ልናቆመው አይደለም። ሴት ልጅ፥ የመኳንንት ወይም የካህናት ወገን ካልሆነች በቀር፥ ደጁን አታይም ነበር። አንጥረኛና ሸክላ ሠሪ ወገን ተንቆ ይኖር ነበር። የካህን ልጅ የአባቱ የአገልግሎት መሬት ስለሚጠብቀው መንገዱ ቀና ነው። በየጎጆው ተስቦ ገብቶ የፈጀው ወጣትም ብዙ ነው። መኳንንቱ ግን መምህሩን ወደ ቤታቸው ያስጠሩ ነበር። ደብረ ኤልያስ፥ ደብረ ወርቅና ዲማ የተማሩት፥ በኋላም አዲስ አበባ መጥተው ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የገቡት የጎጃሙ ካህን ልጅ ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። በ1958 ዓመተ ምሕረት በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህ ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የገባው ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ነው። ዕውቀቱ እልፍኝ አስገባው፤ ዘሩ ግን ከእልፍኙ አስወጣው።

በ1900 ዓመተ ምሕረት ዙሪያ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት፥ በ1917ም የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በተከፈተ ጊዜ ሌላ ሥርዐት ገባ። ካህናቱ የፈረንጅ ትምህርት ሃይማኖት ያፋልሳል ብለው ስለ ፈሩ፥ ምኒልክ የግብጽ ቅብጦችን መምህራን አድርገው አስታረቁ። በወንበሩ ላይ ከተቀመጡት ብዙዎቹ የመኳንንትና የቤተ መንግሥት ሰዎች ልጆች ነበሩ። ደወል፥ ክፍልና የውጭ ቋንቋም አብረው መጡ።

ከኢጣልያ ወረራ በኋላ የሆነው ግን ሊዘነጋ አይገባም። የተማረው ወጣት በጦርነቱ ስላለቀ መንግሥት ጸሓፊና ሹም አጥቶ ነበርና ልጆችን ከየስፍራው ሰበሰበ። በ1935 በኮተቤ፥ በ1938ም በጄኔራል ዊንጌት ስም የተከፈቱት ትምህርት ቤቶች ምግብና መኝታ የሚሰጡ አዳሪ ቤቶች ነበሩ። ስለዚህ የድኻ አደጉ ልጅ ከባለርስቱ ልጅ ጋራ በአንድ ገበታ በላ፤ በአንድ መብራትም አጠና። ከእነዚህ ቤቶች የወጡ ዝቅተኛ ትውልድ ያላቸው ሰዎች ከፍ ወዳለ ሹመት የደረሱት ብልኅነት በዚያ ዓመት በድንገት ስለ ተወለደ ይመስላችኋልን? ወጥ ቤት ስለ ተሠራላቸው ነው።

ትምህርት ቤቱ በበዛ ጊዜ ሁሉን አዳሪ ማድረግ አልተቻለም። ትምህርቱ በነጻ ሆኖ ሳለ ሆዱ ወደ አባት ተመለሰ። የሁለተኛ ደረጃው ትምህርት ቤት በከተማ ስለሆነ የገጠሩ ልጅ ክፍል ተከራይቶ ይቀመጣል፤ ለመንደሩም እንግዳ ነውና «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ የሚለምንበት ደጅ የለም። ቋንቋውም ሌላ ወንፊት ሆነ። በ1956 አማርኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል የማስተማሪያ ቋንቋ ሲሆን ከሰባተኛ ጀምሮ እንግሊዝኛ ቀረ። በቤቱ ኦሮምኛ ወይም ሲዳምኛ የሚናገር ልጅ ሁለት ጊዜ ቋንቋ ተሻገረ፤ በየአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር የተፈቀደው በ1986 ፖሊሲ ነው። በስምንተኛና በዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ደግሞ የመላ አገር ፈተና ቆመ። በቤቱ መጽሐፍና እንግሊዝኛ የሚያውቅ ታላቅ ወንድም ያለው ልጅና አመሻሹን እንጨት የሚለቅመው ልጅ ለአንድ ወረቀት ተቀመጡ፤ ሁለተኛው ሲወድቅ «ሰነፍ» ተባለ።

በ1964 ባለሙያዎች ተሰብስበው ትምህርቱን መረመሩ። ከአምስት ሕፃናት አራቱ ያህል ከትምህርት ቤት ውጭ ነበሩና ለሁሉ አራት ዓመት ይሰጥ፤ አብዛኛውም ከዚያ በኋላ ወደ እርሻው ይመለስ፤ ጥቂቱ ይለፍ የሚል ዕቅድ አወጡ። ዕቅዱ በተሰማ ጊዜ የድኻ ልጅ ሊዘጋበት ነው ተብሎ ወረቀት ተበተነ። መምህራን፥ የደመወዝም ቅሬታ ነበራቸውና፥ የካቲት 11 ቀን 1966 ሥራ አቆሙ፤ የታክሲ ነጂዎችም በቤንዚን ዋጋ ምክንያት በዚያው ቀን ቆሙ። መንግሥት በጥቂት ቀን ውስጥ ዕቅዱን አዘገየው፤ አብዮቱ ግን አልዘገየም። እንደ እኔ አስተያየት ባለሙያዎቹ አዲስ ክፋት አልፈጠሩም፤ ትምህርት ቤቱ በዝምታ ሲሠራው የነበረውን በወረቀት ጻፉት። ሕዝቡ የተቈጣውም ተጽፎ ስላየው ነው።

በጥቅምት 2015 ዓመተ ምሕረት የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና፥ ኩረጃን ለመከልከል ሲባል፥ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ተሰጠ። ከተፈተኑት ከ896,000 የሚበልጡ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ከ1,100 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ጐልተው ከታዩት መካከል ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ነበሩ፤ እርግጥ እነዚህ ተማሪዎቻቸውን በፈተና መርጠው ይቀበላሉ፤ ሆኖም መርጠው ከተቀበሉ በኋላ ያበሏቸዋል።

በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ጀምሮ ለታናናሾቹ ተማሪዎች ቁርስና ምሳ መቅረብ ጀምሯል። በወረዳ ከተማ ክፍል የተከራየው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ግን ዐርብ ማታ በእግሩ ወደ እናቱ ቤት ይሄዳል፤ እሑድም የሳምንቱን ዱቄትና ሽሮ ተሸክሞ ይመለሳል።